የኤኔያስ አደራ

በላቲን ቋንቋ ከተጻፉት ግጥሞች ሁሉ ከፍተኛውን ስፍራ የያዘው ኤኔይድ የተባለው የቨርጂል መጽሐፍ ነው። በ12 መጻሕፍት የተከፈለ ሲሆን የስንኞቹ ቍጥር ወደ 10,000 ይጠጋል። የሚናገረውም ግሪኮች ትሮያን አቃጥለው ባጠፉ ጊዜ ከእሳቱ ስላመለጠው ስለ ኤኔያስ፥ በባሕር ላይ ስለ ተንከራተተባቸው ዓመታትና በኢጣልያ ምድር ስለ ተዋጋው ጦርነት ነው። ደራሲው ለዚህ ሰው ዘወትር የሚሰጠው ቅጽል «ፒዩስ» የሚል ነው፤ ከዚሁ ቅጽል ጋር የሚሄደው ስም «ፒኤታስ» ይባላል። ይህን ቃል ያልተረዳ ሰው መጽሐፉን አነበብሁ ሊል አይችልም፤ ቃሉን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚሞክር ሰው ደግሞ ወዲያው ከችግር ላይ ይወድቃል።

ከጥቂት ጊዜ በፊት መጽሐፉን ከተማሪዎቼ ጋር ስናነብ ቃሉን እንዲተረጕሙልኝ ጠይቄአቸው ነበር። አንዱ «መንፈሳዊነት» አለ፤ ሌላው «ጽድቅ»፤ ሦስተኛው «ግዴታን መፈጸም»፤ አንዲት ተማሪ ደግሞ «ለወላጅ መታዘዝ» ስትል መለሰች። ሁሉም የቃሉን አንድ አንድ ጎን ነክተዋል፤ ሙሉውን ግን አንዳቸውም አልያዙትም። ፒኤታስ ለአማልክት የሚቀርብ አምልኮ ብቻ አይደለም፤ ልጅ ለአባቱ፥ አባት ለልጁ፥ ሰው ለወገኑና ለአገሩ፥ በሕይወት ያለው ለሞተው ያለበትን ዕዳ ሁሉ በአንድነት የሚያመለክት ቃል ነው። ትምህርቱ ካበቃ በኋላ ነገሩን ሳሰላስል ለዚህ ሁሉ የሚቀርበው የአማርኛ ቃል «አደራ» መስሎ ታየኝ። አደራን ሰው ለራሱ አይሰጥም፤ ሌላው ነው የሚያኖርበት። ሰጪው ቢሞት አይፈርስም፤ እንዲያውም ሰጪው ሲሞት ይብሱን ይጠብቃል። በዚህ ጽሑፍ ኤኔይድን በዚህ ቃል መነጽርነት ለመግለጽ እሞክራለሁ። ቃሉ የማይገጥምበትም ስፍራ ስላለ ስንደርስ አመለክታለሁ። የማነሣቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቨርጂል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ70 ዓመት በሰሜን ኢጣልያ፥ በማንቱዋ ከተማ አጠገብ በነበረች መንደር ተወለደ። ዘመኑ ሮማውያን እርስ በርሳቸው የሚተላለቁበት ዘመን ነበር። ዩልዮስ ቄሣር በ44 ከተገደለ በኋላ ወራሾቹ በ42 በፊልጲ ጦር ሜዳ ድል አደረጉ፤ ለወታደሮቻቸውም መሬት ለማደል ሲሉ በብዙ የኢጣልያ አውራጃዎች ባለ ርስቱን ከርስቱ ነቀሉት። የማንቱዋ መሬትም ከተወሰደው አንዱ ነው። ቨርጂል በመጀመሪያ መጽሐፉ ከማሳው የተፈናቀለውን እረኛ ሲያናግር የጻፈው በአገሩ የደረሰውን ነው፤ ስለዚህ ስደት ለእርሱ ከሆሜር የተቀበለው ታሪክ ብቻ አልነበረም። በ31 በኋላ አውግስጦስ ቄሣር የተባለው ኦክታቪያኖስ አንቶኒዮስንና ክሊዮፓትራን በአክቲዩም ድል ነሥቶ ብቻውን ገዢ ሆነ። ቨርጂል ኤኔይድን የጀመረው ከዚህ ድል ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው፤ እስከ ሞተበት እስከ 19 ዓመት ድረስም ደከመበት። ስለ ግጥሙ አሠራር አንድ ነገር ብቻ ልናገር፤ የላቲን ግጥም እንደ አማርኛው ቤት አይመታም። ስንኙ የሚለካው በረጃጅምና በአጫጭር ድምፆች አሰላለፍ ሲሆን ስድስት እግር አለው፤ ልኩንም ሮማውያን የወረሱት ከግሪኮች ነው።

ኤኔያስን የፈጠረው ቨርጂል አይደለም። ሆሜር በኢሊያድ 20ኛ መጽሐፍ ይህ ሰው ከጦርነቱ እንደሚተርፍና የልጅ ልጆቹ በትሮያ ሰዎች ላይ እንደሚነግሡ በአንድ አምላክ አፍ ያናግራል። አባቱን ተሸክሞ የሚሸሸው ሰው ምስልም ቨርጂል ከመወለዱ ብዙ መቶ ዓመታት አስቀድሞ በኤትሩስኮች አገር በተገኙ የሸክላ ዕቃዎች ላይ ይታያል። ዩልዮስ ቄሣር ዘሩን ከኤኔያስ ልጅ ይቆጥር ስለ ነበር በ47 ወይም በ46 ባሠራው የብር ገንዘብ ላይ ይህንኑ ምስል አስቀርጾታል። ከሮማ በስተ ደቡብ በምትገኘው በላቪንዩም ደግሞ የሮማ ከፍተኛ ሹማምንት ሥልጣን ሲይዙ ወደዚያ ሄደው ለፔናቴስ ይሠዉ ነበር። ፔናቴስ የቤት ጠባቂ አማልክት ናቸው፤ ስማቸው «ፔኑስ» ከሚለው ቃል የወጣ ሲሆን ይህም ጓዳ ማለት ነው። በላቪንዩም ከ1950ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በተደረገው ቍፋሮ በአንድ ረድፍ የቆሙ 13 የድንጋይ መሠዊያዎች ተገኝተዋል። ይህን ሁሉ የዘረዘርሁት ባለቅኔው የተነሣበት ታሪክ ሕዝቡ በሥርዓት ይጠብቀው የነበረ ትውፊት መሆኑን ለማሳየት ነው። ባህልን ለሚያጠና ሰው የሚያስገርመው ሌላ ነገር ነው። የሜዲትራኒያንን ባሕር ዙሪያ የገዛ ሕዝብ አባቱን ከአሸናፊዎቹ ከግሪኮች መካከል መምረጥ ሲችል ከተሸነፉት፥ ከተማቸው ከተቃጠለችባቸው ሰዎች መርጧል። የምክንያቱ ዋና ክፍል በኤኔይድ 2ኛ መጽሐፍ የሚገኝ ይመስለኛል።

በእኔ አስተያየት ከ12ቱ መጻሕፍት ይህን የሚያህል የለም። ግሪኮች ከእንጨቱ ፈረስ ሆድ ወጥተው ከተማይቱን ማቃጠል በጀመሩበት ሰዓት ኤኔያስ ተኝቷል። ሟቹ ጀግና ሄክቶር ቍስሉ እንደ ተከፈተ፥ ጢሙ እንደ ጎሰቆለ በሕልሙ ይመጣበታል። ሄክቶር ተነሥተህ ተዋጋ አላለውም፤ እንዲሸሽ ነገረው። የትሮያን ንዋየ ቅድሳትና ፔናቴስዋን ይዞ እንዲሄድ፥ ባሕሩን ከተንከራተተ በኋላም ከተማ እንዲሠራላቸው አዘዘው። ቨርጂል በዚህ ስፍራ የተጠቀመበት ግሥ «ኮሜንዳት» የሚል ነው። አንድን ነገር ለታመነ ሰው እጅ መስጠት ማለት ስለ ሆነ ያለ ማመንታት «አደራ ትላለች» ብሎ መተርጐም ይቻላል፤ አደራ የምትለውም ትሮያ ራስዋ ናት።

ኤኔያስ ግን ሲነቃ ሕልሙን ረስቶ መሣሪያውን አነሣ። ያደገበት ሥርዓት ጀግና ማለት ሰይፉን ይዞ የሚሞት ነው ብሎ አስተምሮታልና በዚያች ሌሊት ደጋግሞ ለመሞት ይሮጣል። ሽማግሌው አባቱ አንኪሴስ ከቤቴ አልወጣም፥ እዚሁ እሞታለሁ ባለ ጊዜም እንደገና ታጠቀ። ያን ጊዜ ሚስቱ ክሬኡሳ በደጃፉ ላይ ተደፍታ እግሩን ያዘች፤ ትንሹን ልጃቸውንም ወደ እርሱ ዘረጋች። ቀጥሎም በልጁ ራስ ላይ የማያቃጥል ነበልባል ታየ፤ ኮከብም ሰማዩን አቋርጦ አለፈ፤ አንኪሴስ ምልክቱን አይቶ ለመሄድ ፈቀደ። ኤኔያስ የአንበሳ ቆዳ በትከሻው ላይ ጥሎ አባቱን ተሸከመ፤ ልጁ ቀኝ እጁን ይዞ በትናንሽ እርምጃ ተከተለው፤ ሚስቱ ከኋላ ሆነች።

ንዋየ ቅድሳቱን የያዘው ኤኔያስ ሳይሆን በትከሻው ላይ ያለው አባቱ ነው። ምክንያቱም ተገልጿል፤ የኤኔያስ እጅ ከጦርነት የመጣና ደም የነካው ስለ ሆነ በሚፈስ ውሃ እስኪታጠብ ድረስ የተቀደሰውን ነገር መንካት አይገባውም። ደም ያፈሰሰ ሰው ሳይነጻ ወደ ቅዱስ ነገር እንዳይቀርብ የሚከለክል ሥርዓት በብዙ ሕዝቦች ዘንድ የታወቀ ነውና አንባቢው ይህን እንደ ተራ ዝርዝር ሊያልፈው ይችላል። እኔ ግን መላው ግጥም በዚህች ነጥብ ላይ የቆመ ይመስለኛል። የተዋጊው እጅና የባለ አደራው እጅ አንድ ሰው ላይ ሆነው ሳለ እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ከዚያም ጥቂት ቀደም ብሎ የጠላትን ጦር ያልፈራው ይህ ሰው አሁን ነፋስ ሽው ባለ ቍጥር ይደነግጣል፤ ለተሸከመውና ለሚከተለው ይፈራልና። ከሆሜር ጀግኖች መካከል እንዲህ ያለ ፍርሃት እንደ ጀግንነት የተቈጠረለት አላውቅም።

ከከተማው ውጭ ሲሰበሰቡ ክሬኡሳ የለችም። ትከሻውን ለአባቱ፥ እጁን ለልጁ ሰጥቶ ነበር፤ ለሚስቱ የተረፈ አልነበረም። ተመልሶ በእሳቱ መካከል ስሟን እየጠራ ሲፈልጋት ያገኘው ጥላዋን ብቻ ነው፤ እርስዋም የልጃቸውን ፍቅር አደራ ብላው ተሰወረች። ሦስት ጊዜ ሊያቅፋት ሞከረ፤ ሦስት ጊዜም ከክንዱ እንደ ነፋስ ወጣች። ቨርጂል ይህንኑ ሁኔታ በ6ኛው መጽሐፍ በአባቱ ጥላ ላይ ይደግመዋል።

የባሕር ጕዞው የሚተረክበትን 3ኛውን መጽሐፍ ብዙዎች ይሰለቹበታል። እኔም ተማሪ ሳለሁ በመጀመሪያ ንባቤ አብዛኛውን ዘልየዋለሁ። በውጭ አገር ሁለተኛውን ክረምት ባሳለፍሁ ጊዜ ግን ተመልሼ አነበብሁት፤ የቡትሮቱምንም ታሪክ ያን ጊዜ ተረዳሁት። ቡትሮቱም ፍርስራሿ በአልባንያ ባሕር ዳር ዛሬም ቡትሪንት ተብሎ የሚታይ ከተማ ናት። የሄክቶር ሚስት የነበረችው አንድሮማኬ ተማርካ በባርነት ከኖረች በኋላ ከትሮያዊው ከሄሌኑስ ጋር በዚያ ተቀምጣለች። በዚያ የሚኖሩት ስደተኞች ትንሽ ትሮያ ሠርተዋል፤ ደጃፉን በትሮያ ደጃፍ ስም፥ አንዱን የደረቀ ወራጅ በትሮያ ታላቅ ወንዝ ስም ጠርተውታል። አንድሮማኬም አስከሬን በሌለበት መቃብር አጠገብ ቆማ የሄክቶርን ስም እየጠራች መሥዋዕት ታቀርባለች። ሲለያዩ ለኤኔያስ ልጅ በእጅዋ የሠራችውን ልብስ ሰጠችው፤ ግሪኮች የገደሉባት ልጅዋ በሕይወት ቢኖር ዕድሜው ያንኑ ያህል ነበርና። ኤኔያስ በእነርሱ ዕረፍት ይቀናል፤ ነገር ግን አይቀመጥም። ቨርጂል እነዚህን ሰዎች አላፌዘባቸውም፤ ይሁን እንጂ የደረቀው ወራጅ የሚናገረው ግልጽ ነው። አገርን በስምና በምስል ብቻ የሚጠብቅ ስደተኛ መቃብር ይጠብቃል። በ5ኛው መጽሐፍ ደግሞ መንከራተት የሰለቻቸው ሴቶች በሲሲልያ ባሕር ዳር መርከቦቹን ራሳቸው አቃጠሉ፤ አራቱ ጠፉ። ኤኔያስም በዚያን ሰዓት ሁሉን ትቶ እዚያው ለመቅረት አስቦ ነበር። በመጨረሻ የደከሙትን በዚያ አስፍሮ ከቀሩት ጋር ሄደ።

እዚህ ላይ አንባቢያችንን ፈገግ የሚያሰኝ አንድ ነገር ልጨምር። ስደተኞቹ ረኀብ ማዕዳቸውን ጭምር እስኪያስበላቸው ድረስ አገር እንደማያገኙ የሚያስፈራ ትንቢት ተነግሮባቸው ነበር። ኢጣልያ ደርሰው በሣር ላይ ምሳ ሲበሉ ምግቡን ያቀረቡት በስስ የስንዴ ቂጣ ላይ ነበር፤ ምግቡ ሲያልቅ ቂጣውንም በሉት። ያን ጊዜ ልጁ ማዕዳችንንም በላነው ብሎ ቀለደ፤ ትንቢቱም ያለ ጕዳት ተፈጸመ። የአውሮፓ መምህራን ይህን ለማስረዳት ብዙ ይደክማሉ፤ በእንጀራ ላይ ወጥ ለሚቀርብለት አንባቢ ግን ማብራሪያ አያሻውም። በ3ኛው መጽሐፍ ትንቢቱን የተናገረችው ኬላይኖ የምትባል ክንፋም ፍጥረት ስትሆን በ7ኛው ግን ኤኔያስ ከአባቴ የሰማሁት ነው ይላል። ደራሲው ሳያስተካክለው የቀረ ግጭት ነውና ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ወደ ካርታጎ እንለፍ። ካርታጎ በዛሬይቱ ቱኒዝያ የነበረች ከተማ ናት፤ ንግሥቲቱ ዲዶም ራስዋ ስደተኛ ናት። በጢሮስ ወንድምዋ ባልዋን ሲኬዎስን ስለ ወርቁ ሲል ስለ ገደለባት ተከታዮችዋን በመርከብ ይዛ ወደ አፍሪቃ ተሻገረች፤ አንድ የበሬ ቆዳ የሚከበውን ያህል መሬት ገዝታም ከተማዋን ጀመረች። ማዕበል የጣላቸውን የትሮያ ሰዎች የተቀበለችው መከራን ስለምታውቀው ነው። ኤኔያስ ወደ ከተማዋ ሲገባ በዩኖ ቤተ መቅደስ ውስጥ የትሮያ ጦርነት ተሥሎ አይቶ አለቀሰ። ከተሣሉት አንዱ ትሮያን ሊረዳ የመጣው የኢትዮጵያውያን ንጉሥ፥ የንጋት አምላክ ልጅ የሆነው ጥቍሩ ሜምኖን ነው፤ በግብሩ ሌሊትም ዲዶ ስለዚሁ ንጉሥ መሣሪያ ትጠይቃለች። በ4ኛው መጽሐፍ ደግሞ የኢትዮጵያውያን ዳርቻ ፀሐይ በምትጠልቅበት በአትላስ ተራራ አጠገብ ተደርጓል። ስማችንን በእንዲህ ያለ ጥንታዊ መጽሐፍ ማግኘት ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን በግሪኮችና በሮማውያን ዘንድ ይህ ስም በምድር ዳርቻ የሚኖሩትን ጥቍር ሕዝቦች በጠቅላላው የሚመለከት ስለ ነበር ያለ ጥንቃቄ ከዛሬይቱ ኢትዮጵያ ጋር አንድ ማድረግ አይገባም።

ዲዶ ለሞተው ባልዋ አመድ ሌላ ላታገባ ቃል ገብታ ነበር፤ ኤኔያስን በመውደድዋ ያን አፈረሰች። ኤኔያስም በክረምቱ ሙሉ የራሱን አደራ ረስቶ የእርስዋን ከተማ ይሠራ ጀመር። የአማልክት መልእክተኛ መጥቶ በልጁ ስም በወቀሰው ጊዜ ለመሄድ ቆረጠ። ለዲዶ የሰጣት መልስ በአጭሩ፥ ለራሴ ፈቃድ ብተው የምሠራው የትሮያን ፍርስራሽ ነበር፤ ወደ ኢጣልያም የምሄደው ወድጄ አይደለም የሚል ነው። «አደራ» የሚለው ቃላችን እዚህ ላይ አይበቃም። በእኛ ልማድ ሰው አደራ ሲሰጠው አልችልም ብሎ ለመመለስ ይችላል፤ ኤኔያስን የሚነዳው ግን «ፋቱም» ነው፤ የተወሰነ፥ የማይመለስ ነገር ነው። ዲዶ ቢያንስ አንድ ትንሽ ኤኔያስ በአዳራሼ ሲጫወት ባይ ኖሮ ብላ አለቀሰች፤ ከዚያም ከሕዝቡ ጋር ዘላለማዊ ጠላትነት እንዲሆን ረግማ በገዛ ሰይፉ ሞተች። የሮማ አንባቢ በዚህ እርግማን ውስጥ ሃኒባልንና ከ264 እስከ 146 ድረስ የተደረጉትን የካርታጎ ጦርነቶች ያያል። በ6ኛው መጽሐፍ ኤኔያስ በሙታን አገር አግኝቷት ሳልወድ ነው የተለየሁሽ ቢላት አንዲት ቃል ሳትመልስ ወደ ባልዋ ጥላ ዞራ ሄደች። በ354 ዓ.ም. በሰሜን አፍሪቃ የተወለደው አውግስጢኖስ በልጅነቱ ስለ ዲዶ ሞት እንዳለቀሰ በኑዛዜው መጽሐፉ ጽፏል፤ ስለ ኤኔያስ አለቀስሁ ግን አላለም።

በዚሁ በ6ኛው መጽሐፍ አንኪሴስ ገና ያልተወለዱትን የሮማ ታላላቆች ለልጁ ያሳየዋል። ሌሎች ሕዝቦች በቅርጻ ቅርጽና በከዋክብት ጥናት ቢበልጡም የሮማ ጥበብ ሕዝቦችን መግዛት፥ ለሰላም ሥርዓት ማቆም፥ ለተሸነፈው መራራትና ትዕቢተኛውን መስበር እንደ ሆነ ይነግረዋል። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ንግግር በቀላሉ የሚያልፈው አይደለም። በ1930 ፋሺስት ኢጣልያ የቨርጂልን 2000ኛ የልደት ዓመት በታላቅ ሥነ ሥርዓት አከበረች፤ የፖስታ ቴምብሮችም አወጣችለት። ከአምስት ዓመት በኋላ አገራችንን ወረረች። በ1937 ከአክሱም የተወሰደው ሐውልት በሮማ ከፓላቲኖ ኮረብታ ግርጌ ብዙ በማይርቅ አደባባይ ተተከለ፤ ቨርጂል በ8ኛው መጽሐፍ ኤኔያስን በእንግድነት ያሳደረውም በዚሁ ኮረብታ ላይ ነው። ኢጣልያ በ1947 በተፈረመው የሰላም ውል ከኢትዮጵያ የወሰደችውን ቅርስ በ18 ወር ውስጥ ለመመለስ ቃል ገብታ ነበር፤ ሐውልቱ ወደ አክሱም የተመለሰው ግን በ2005 ነው፤ በ2008 በቦታው ቆመ። ስለዚህ ኤኔይድን የወራሪ መጽሐፍ ብሎ የሚሸሽ ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ሆኖም በዓሉን ያከበሩት ሰዎች ያነበቡት የመጽሐፉን ግማሽ ይመስለኛል። ከአንኪሴስ የክብር ንግግር ቀጥሎ የሚመጣው በ23 ዓመት በወጣትነቱ ለሞተው ለማርኬሉስ የተለቀሰው ልቅሶ ነው፤ እናቱ ኦክታቪያ ይህ ሲነበብ ሰምታ ራስዋን እንደ ሳተች ይነገራል። ኤኔያስም ከሙታን አገር የወጣው ሐሰተኛ ሕልም በሚወጣበት በዝሆን ጥርሱ ደጅ ነው፤ ስለ ምን እንደ ሆነ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ አልተስማሙበትም። ደግሞም ለተሸነፈው ራራ የሚለው ትእዛዝ በመጨረሻው ገጽ ላይ ይፈተናል።

ከ7ኛው መጽሐፍ እስከ 12ኛው ያለው የጦርነት ታሪክ ነው። ላቲኑስ የተባለው ንጉሥ ልጁን ላቪንያን ለመጻተኛው ለኤኔያስ ሊድር ሲፈቅድ አስቀድሞ ሲጠብቃት የነበረው ቱርኑስ ጦር አነሣ። የውጊያዎቹ ዝርዝር ረጅም ስለ ሆነ አልገባበትም። ዋናው ነገር የኤቫንድሮስ ነው። ኤቫንድሮስ ከግሪክ አገር ከአርካድያ የተሰደደ ሽማግሌ ንጉሥ ሲሆን የሚኖረው በኋላ ሮማ በሆነችው ስፍራ በጠባብ ጎጆ ነው። አንድ ልጁን ፓላስን የጦርነት ሥራ በአንተ ሥር ይማር ብሎ ለኤኔያስ ሰጠው። ሲሰናበተውም ክፉ ወሬ ከምሰማ አስቀድሜ ልሙት ብሎ ለምኖ በደጃፉ ላይ ወደቀ፤ አገልጋዮቹ ተሸክመው አስገቡት። በእኛ አነጋገር ፓላስ የአደራ ልጅ ነው። በ10ኛው መጽሐፍ ቱርኑስ ገደለው፤ አስከሬኑን ለአባቱ ይውሰዱለት ቢልም የልጁን ወርቅ የተቀረጸበት ቀበቶ ፈትቶ ታጠቀው። ኤኔያስ አስከሬኑን ሲሸኝ የተናገረው ለአባትህ የሰጠሁት ተስፋ ይህ አልነበረም የሚል ነው። ከሽማግሌውም መልእክት መጣ፤ የቱርኑስን ደም ከኤኔያስ ቀኝ እጅ እንደሚጠብቅ ነገረው። አደራው ደም መመለስ ሆነ።

ከመጨረሻው ግጥሚያ አስቀድሞ በሰማይ አንድ ስምምነት ይደረጋል። ከመጀመሪያው የትሮያን ሰዎች ስታሳድድ የኖረችው ዩኖ ቍጣዋን ለመተው ዋጋ ጠየቀች። የላቲን ሰዎች ስማቸውን፥ ቋንቋቸውንና ልብሳቸውን እንዳይለውጡ፥ ትሮያም ከነስሟ ጠፍታ እንድትቀር ለመነች። ዩፒተርም ፈቀደላት። ይህን ክፍል የሕዝቦችን መቀላቀል የሚያጠና ሁሉ ሊያነበው ይገባል። ንዋየ ቅድሳቱን ከእሳት አውጥቶ ባሕር ያሻገረው ሕዝብ አገር የሚያገኘው ቋንቋውን፥ ልብሱንና ስሙን ከከፈለ በኋላ ነው። ኤኔያስም ይህን ውል አልሰማም፤ ስለማያውቀው ዋጋ ይዋጋል።

በመጨረሻ ቱርኑስ ጭኑ ተወግቶ ወደቀ። እጁን ዘርግቶ በአባቱ በዳውኑስ እርጅና ለመነ፤ አንተም አንኪሴስ የሚባል እንዲህ ያለ አባት ነበረህ ብሎ አስታወሰው። ኤኔያስ ሰይፉን ይዞ ቆመ፤ ልቡ እየራራ ሄደ። በዚህች ቅጽበት ሁለት አደራዎች በአንድ እጅ ላይ ተገናኙ። የገዛ አባቱ ለተሸነፈው ራራ ብሎታል፤ የፓላስ አባት ደግሞ ደሙን ይጠብቃል። ያን ጊዜ የልጁ ቀበቶ በቱርኑስ ትከሻ ላይ አበራ። ኤኔያስ ቍጣ ነድዶበት፥ የምትሠዋህ ፓላስ ነው ብሎ ሰይፉን በደረቱ ሰደደ። የቱርኑስ ነፍስ እያጕረመረመች ወደ ጨለማ ወረደች፤ መጽሐፉም በዚያው አለቀ። ሠርግ የለም፤ ከተማ አልተሠራም፤ እጁንም የታጠበበት ወንዝ አልተነገረም።

ይህ አጨራረስ አንባብያንን ሲያስቸግር ኖሯል። በ4ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ክርስቲያኑ ጸሐፊ ላክታንትዮስ ለማኝን የሚገድል ሰው እንዴት ፒዩስ ይባላል ሲል ተቃወመ። በ1428 ማፌዮ ቬጆ የተባለ ኢጣልያዊ ባለቅኔ ሠርግና ዕርቅ ያለበት 13ኛ መጽሐፍ ጽፎ ጨመረበት። ኤኔያስ አደራውን አፍርሷል የሚሉ አሉ፤ ፈጽሟል የሚሉም አሉ። እኔ እንደማየው ሁለቱም ተደርጓል፤ አንዱን ሳያፈርስ ሌላውን ለመፈጸም የሚችልበት መንገድ አልነበረውም። ቬጆ ያቃናው የመሰለው ነገር ቨርጂል አስቦ ያጠመመው ይመስለኛል።

ያልተነሣ አንድ አደራ ቀርቶአል፤ እርሱም የደራሲው የራሱ ነው። ቨርጂል በ19 ወደ ግሪክ አገር የተጓዘው ለመጽሐፉ እርማት ሦስት ዓመት ለማዋል አስቦ ነበር። በአቴና ከአውግስጦስ ጋር ተገናኝቶ አብሮት ለመመለስ ተነሣ፤ በመንገድ ሕመም ጸናበት፤ በመስከረም ወር በብሩንዲዚዩም ወደብ በ50 ዓመቱ ሞተ። ከመጓዙ በፊት አንድ ነገር ቢደርስብኝ ኤኔይድን አቃጥለው ብሎ ወዳጁን ቫርዩስን ለምኖት እንደ ነበር፥ በሞት አልጋው ላይም የመጻሕፍቱን ሣጥን አምጡልኝ እያለ ደጋግሞ እንደ ጠየቀ የሕይወት ታሪኩን የጻፉት ይናገራሉ። የሚያመጣለት አልተገኘም። አውግስጦስ መጽሐፉ እንዲወጣ አዘዘ፤ ቫርዩስና ቱካ የተባሉት ሁለቱ ወዳጆቹም የሟቹን ኑዛዜ አፍርሰው አወጡት። ከመቶ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ስንኞቹ በፖምፔይ ግድግዳዎች ላይ ተጽፈው ነበር፤ በማሳዳ ምሽግ በይሁዳ ምድረ በዳ ከ4ኛው መጽሐፍ አንድ ስንኝ የተገለበጠበት ቁራጭ ፓፒሩስ ተገኝቷል። ወዳጆቹ አንድ ነገር ግን ጠበቁለት፤ ከራሳቸው ምንም አልጨመሩበትም። የኬላይኖና የአንኪሴስ ግጭት እንዳለ ተወ፤ በግማሽ ተቋርጠው የቀሩት ከ50 የሚበልጡ ስንኞችም በዛሬው እትም ውስጥ እንደ ተቋረጡ ይገኛሉ።